ጓንቱ ከተወሰደበት በረኛ፣ ለመታሰቢያ ወርቅ አሠሪው

ለስፖርት መታሰቢያ ወርቆች ድርጅት ባለቤትና ዋና ሥራ አስኪያጅ

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ እርስዎን ከነቤተሰብዎ፣ ከነሠራተኞችዎና ከነማተሚያ መኪናዎ በፍጹም ጤንነት እንዲያገኝዎ ከልብ እመኛለሁ። ስለ እኔ ጤና አይጨነቁ፤ አልፎ አልፎ ወገቤን ከመያዙ በቀር ደህና ነኝ፤ እሱም ቢሆን ያለማቋረጥ በሆዴ በመተኛቴ የመጣ ስለሆነ ከእርስዎ የተሰወረ አይደለም። ማን እንደሆንኩ ግራ ገብቶዎ ከሆነ ድርጅትዎ የታላቁን ዋንጫ መታሰቢያ ብሎ ያሳተመውን፣ በአንገት የሚጠለቀውን ክብ ወርቅ አንድ ጊዜ አንስተው ይመልከቱ። ጀርባውን ሰጥቶ ሁለት እጁን ወደ ሰማይ የዘረጋው ጎል አግቢው ነው። ከእግሩ ሥር በሆዱ ተዘርግቶ፣ አፉን ከፍቶ፣ እርስዎን እርስዎን የሚያየው ሰውዬ ደግሞ እኔ ነኝ።

በዘር ማንዘሬ በወርቅ ላይ የተቀረጸ ሰው የለም፤ በቆርቆሮ ላይ እንኳ የለም። ስለዚህ ለዚህ ክብር ላበቁኝ ለእርስዎ ምስጋናዬን፣ ካስቸገርኩም ጥቂት ቅሬታዬን፣ በተራ ቁጥር ለማቅረብ ተነስቻለሁ። ደብዳቤውን ግልጽ ያደረግኩት ከዚህ ቀደም በፖስታ አሽጌ የላክኩልዎ፣ ከአንዱ በቀር፣ ምናልባት በማሸጊያው ብዛት ሳይነበብ ቀርቶ እንደሆነ ብዬ ነው።

አንደኛ፤ ስለ ምርጫዎ አመሰግናለሁ። ያንን ጨዋታ ለማስታወስ ከተፈለገ የሚቀረጽ አልጠፋም ነበር፤ ዋንጫው ነበረ፣ አምበሉ በትከሻ ተሸክመውት ነበር፣ ጎሉን ያገባው ልጅም ቢሆን ፊት ነበረው፤ መልከ መልካም ልጅ ነበር። እርስዎ ግን ከፎቶው ሁሉ እሱ ጀርባውን ያዞረበትን፣ እኔ ፊቴን የሰጠሁበትን መረጡ። በዚህም የተነሳ በወርቅዎ ላይ ፊት ያለው ፍጡር እኔ ብቻ ሆኛለሁ። ፈቃዴን ሳይጠይቁኝ መቅረትዎንም እንደ ንቀት አላየሁትም፤ የተኛ ሰው መቀስቀስ አልፈለጉም። የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል ሲባል እሰማ ነበር፤ ምሳሩን በማተሚያ መኪና የተኩት ግን እርስዎ የመጀመሪያው ይመስሉኛል።

ደብዳቤውን ሌላም ሰው ስለሚያነበው ነገሩን ከሥሩ ልናገር። በወጣትነቴ ለሲሚንቶ ፋብሪካው ቡድን በረኛ ነበርኩ፤ በእኔ በኩል ጎል የሚገባ ስላልነበረ ቅጽል ስሜ ካዝና ነበር። በዋንጫው ፍጻሜ ከባቡር ሠራተኞች ቡድን ጋር ስንጫወት እስከ መጨረሻዋ ደቂቃ ድረስ ካዝና ሆኜ ቆየሁ። ከዚያ አንድ ኳስ ተመታች፤ እኔ ወደ ሄደችበት ተወረወርኩ፤ እሷ ግን የገዛ ተከላካያችንን ተረከዝ ነክታ ሐሳቧን ቀየረች። በማግስቱ ስሜ ወንፊት ሆነ። ባለቤቴ ገበያ በወጣች ቁጥር "የወንፊት ሚስት" እየተባለች አንገቷን ደፍታ ትገባ ነበር፤ ፋብሪካው ውስጥም ምሳ ስንበላ ማንም አጠገቤ አይቀመጥም ነበር። ከወደቁ ወዲያ መፈራገጥ ለመላላጥ ነው ብዬ ከፋብሪካው ለቀቅኩ፣ ሰፈር ቀየርኩ፣ ጺሜን ተላጨሁ፣ አሮጌ ሶፋ ማደስ ተማርኩ። ጸጉሬ ደግሞ ሳይነገረው በራሱ ፈቃድ ሄደልኝ። ቀስ በቀስ ሰው ሁሉ "ሶፋ ሠሪው" ይለኝ ጀመር። ሶፋ ሠሪን ስለ ጎል የሚጠይቅ የለም፤ ስለ ስፖንጅ ነው የሚጠይቀው። ሕዝብ ይረሳል፣ ክቡር ሆይ፤ ለወደቀ ሰው ከዚህ የሚበልጥ ጸጋ የለም። እርስዎ ታዲያ ይህ ጸጋ አላስደሰተዎትም መሰል፣ መርሳት በማይችል ነገር ላይ አተሙኝ።

ሁለተኛ፤ በዚያ ቀን ጓንት አድርጌ ነበር።

ይህን ለብቻው የጻፍኩት እንዳያመልጥዎ ነው። በወርቅዎ ላይ የተቀረጸው በረኛ ባዶ እጁን ነው። አሥሩም ጣቶቹ ከነጥፍራቸው፣ ከነመገጣጠሚያቸው ይታያሉ፤ በሕይወት ያለው እጄ እንኳ ያን ያህል አይታይም። ጉዳዩን ለመጠየቅ ወደ ቢሮዎ መጥቼ ነበር፤ በእንግዳ መቀበያዎ ባሉት ሰፋፊ ወንበሮች ላይ ተቀምጬ ስጠብቅ ከላይ የለበሱት ቆዳ እንዳልሆነ፣ ከሥርም ስፖንጃቸው እንደሞተ በመቀመጫዬ ባውቅም፣ የሙያ ጉዳይ ነውና ዝም አልኩ። ከዚያ የንድፍ ክፍል ኃላፊዎ ወጥቶ አነጋገረኝ። ትሑት ልጅ ነው። "አባባ፣ ጓንት እኮ ብርሃን አይዝም፤ ድብልብል ያለ ነገር ሆኖ ነው የሚወጣው። ጣት ነው ብርሃን የሚይዘው። ጣትዎ እንዴት አምሮ እንደወጣ አይተውታል?" አለኝ። አይቼዋለሁ አልኩት። ለዋንጫ ፍጻሜ ያለ ጓንት የወጣ በረኛ ሲያዩ ሰዎች ምን ይላሉ ብዬ ብጠይቀው፣ "ሥነ ጥበብ ነው አባባ፣ ማንም አያስተውለውም" ብሎ አጽናናኝ፤ ውሃም አስመጣልኝ።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የእኔ ጆሮ ግን ዘመዴ ሆኖ ሁሉንም ያመጣልኛል። ወርቅዎ ከወጣ ወዲህ ወንፊት መባሌ ቀርቷል፤ ለዚህም አመሰግናለሁ። አሁን የሚባለው "ያ ባዶ እጁን የመጣው በረኛ፣ እጁን ሊታጠብ የወጣ መሰለው እንዴ?" ነው። ጎሉን ያዩት ሰዎች ስለ ተከላካዩ ተረከዝ ያውቁ ነበር፤ ዕድሜ ለእርስዎ፣ ያላዩት ግን በወርቅ የታተመ ምክንያት አገኙ። እኔ ሰው ነኝና ኳስ ያመልጠኛል፤ ያ ያጋጥማል። ሥራዬን ንቄ ግን አንድም ቀን ሜዳ አልገባሁም። የተናደድኩት በዚህ ነው፤ በመውደቄ አይደለም።

ሦስተኛ፤ በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ እንዲሉ፣ ይኸው ምስል በወርቃማ ወረቀት ተጠቅልሎ ለልጆች ቸኮላት ሆኖ መውጣቱን በሰፈራችን ሱቅ መስታወት ውስጥ አየሁ። የጎረቤቴ ልጅ ከራሴ ጀምራ ስትበላኝ ቆሜ ተመልክቻለሁ። ይህን ቅሬታ አላራዝመውም፤ እኔም ቀምሼዋለሁ፣ ቸኮላቱ ጥሩ ነው።

አራተኛውና እንቅልፍ የነሳኝ ጉዳይ የልጄ ሠርግ ነው።

አንዲት ሴት ልጅ አለችኝ። ያ ጎል ሲገባ ገና አልተወለደችም፤ ነገሩን የሰማችው በትምህርት ቤት ነው፤ በሰማችበትም ቀን አንድ ልጅ ፈንክታ መጣች። ለምን ብላት "አንተን ወንፊት አለህ" አለችኝ። ይቅርታ እንድትጠይቅ ብወስዳትም ይቅርታ የጠየቅኩት እኔ ነኝ፤ እሷ አፏን ለጉማ ቆማ ነበር። አሁን ትልቅ ሆናለች፤ ሐኪም ቤት ታገለግላለች፤ አንድ ጨዋ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ወዳ ልታገባ ቀን ተቆርጧል። የልጁ አባት ጡረታ የወጡ ባቡር ነጂ ናቸው። የባቡር ነጂ ልብ የትኛው ቡድን ዘንድ እንደሚያድር ለእርስዎ ማስረዳት አይኖርብኝም፤ ወርቁን የሸጡላቸው እርስዎ ነዎት።

ሁለቱ ቤተሰቦች ለመተዋወቅ በእኛ ቤት ተሰበሰቡ። ባለቤቴ ደህናውን ሶፋ ለእንግዶቹ ለቀቀች። ጨዋታው ሲደምቅ የሙሽራው አባት ከኮታቸው ኪስ ቀይ ከፋይ የለበሰች ሣጥን አወጡና፣ በውስጧ ያለውን የእርስዎን ወርቅ በሠርጓ ቀን በእንግዶች ሁሉ ፊት በልጄ አንገት ላይ እንደሚያጠልቁላት ተናገሩ። "እንደዚያ ቀን የተደሰትኩበት ቀን በዕድሜዬ የለም፤ ከዚህ የሚበልጥ ነገር ቤቴ ውስጥ የለኝም፤ ለልጄ ልጆችም ትሆናለች" አሉ። አብሮ ያለውንም የምስክር ወረቀት ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡልን፤ ዕቃው የገንዘብነት ዋጋ እንደሌለው፣ ነገር ግን ከዳር እስከ ዳር ንጹሕ ወርቅ መሆኑን ድርጅትዎ ያረጋግጣል። ከዚያ ጎሉን ሊያሳዩን ተነሱ። የሶፋ ትራስ ጎል ሆነ፣ የስኳር ዕቃው በረኛ ሆነ። እኔ በስኳር ዕቃ ተመስዬ ገና ጨርቁ በተቀየረ ሶፋዬ ላይ ተገለበጥኩ፤ እንግዶቹም አጨበጨቡ። ሣጥኗ ከእጅ ወደ እጅ ስትዞር የሙሽራው አክስት አየት አደረገችና "ውይ ምስኪን! ጓንት እንኳ የሚገዛለት ሰው አጣ?" አለች። ባለቤቴ ውሃ ላምጣ ብላ ወጥታ ሳትመለስ ቀረች። ሣጥኗ እኔ ዘንድ ደረሰች። ራሴን አየሁት። ሁሉም የምለውን ሲጠብቁ "ጥሩ ሥራ ነው" አልኩ።

እንግዶቹ እንደወጡ ልጄ ፊት ለፊቴ ቆማ "አባዬ፣ አንተን በሆድህ አስተኝቼ አንገቴ ላይ አላንጠለጥልም። ሠርጉም ይቅር" አለችኝ። ሆድ ይፍጀው አልኳት፤ እነሱ አያውቁኝም፣ ደስታቸውን አታበላሺ፣ ለማንም ትንፍሽ እንዳትዪ ብዬ አስማልኳት። ልጄ ቃሏን የምትጠብቅ ናት፤ ጉዳቱም ከዚያ መጣ። ለእጮኛዋ ስጦታውን እንደማታጠልቅ ነገረችው፤ ለምን ሲላት ግን አፏን ለጎመች። ወሬው ቤታቸው ሲገባ "ስጦታችንን ናቀች" ሆነ። ልጁ ሱቄ ድረስ መጥቶ ስፖንጅ ባልገባበት ባዶ የሶፋ እንጨት ላይ ተቀምጦ "ጋሼ፣ ምን በደልናት?" አለኝ። መርፌዬን አንስቼ ስፌቴን ቀጠልኩ። የልጄ ትዳር በእኔ ጣቶች ላይ ተንጠልጥሎ ነበር፤ በዚያ ብርሃን በሚይዙት።

ያኔ ነው ወደ እርስዎ የጻፍኩት። የለመንኩት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ለገዢው ስልክ ደውላችሁ "የማተም ስህተት ተገኝቶበታል" በሉና የዋንጫው ምስል ባለበት ቀይሩላቸው፤ እኔ ከመሬት ተነስቼ ልቁም፣ ልጄም ትዳሯን ትያዝ አልኩ። መልስዎ በወፍራም ወረቀት ደረሰኝ፤ እንዲህ ያለ ወረቀት እጄ ነክቶ አያውቅም። የድርጅትዎ ወርቅ ስህተት የሌለበት መሆኑን፣ የጓንት አለመኖር ጉድለት ሳይሆን የባለሙያው ዕይታ መሆኑን፣ የተሸጠ ዕቃም እንደማይለወጥ አሳወቁኝ። በደብዳቤው መጨረሻ ላይ መልካም የሠርግ ሥነ ሥርዓት ተመኝተውልኛል። ወርቅ ላበደረ ጠጠር ይላል የአገሬ ሰው፤ እኔ ምንም ስላላበደርኩዎ ጠጠር እንኳ ሳይደርሰኝ ቀረ።

እርስዎ ካልረዱኝ የቀረኝ እውነቱን መናገር ነበር፤ ለዚህም ስላበቁኝ አመሰግናለሁ። አንድ ቀን ከሥራ በፊት ወደ ሙሽራው አባት ቤት ሄድኩ። ግድግዳው ሙሉ የባቡር ቡድን ነው። ቁጭ ሳልል "ያ በሆዱ የተኛው እኔ ነኝ" አልኳቸው። መጀመሪያ ሳቁ፤ ቀልድ መሰላቸው። ሳልስቅ ሲያዩ መነጽራቸውን ፈልገው አደረጉ፣ ሣጥኗንም አወጡ። ያኔ እንደተረዳሁት እኚህ ሰው ወርቁን በመነጽር አይተውት አያውቁም ነበር፤ የገዙት በልባቸው ያለውን ጎል ነው። ወርቁን አዩ፣ እኔን አዩ፣ እንደገና ወርቁን አዩ። ከዚያ "ጓንትህን ማን ወሰደው?" አሉኝ።

ቁጭ ያላልኩት ሰውዬ ያኔ ቁጭ አልኩ። "ከጎሉ ኋላ ነበርኩ እኮ! ቀይ ጓንት ነበር ያደረግከው! በዚያ ቀይ ጓንት ስንቱን ኳስ አወጣህብን! ስሰድብህ ነው የዋልኩት!" አሉ። ምን ብለው ነበር የሰደቡኝ ብላቸው "እሱን ተወው፣ አሁን ዘመድ ልንሆን ነው" አሉኝ። ቀጥለውም "ያቺ ኳስ የሰውዬአችሁን ተረከዝ ባትነካ አንተ ይዘሃት ነበር፤ እኔ ነኝ ያየሁት፣ ለማንም አልተናገርኩም እንጂ" አሉ። ክቡር ሆይ፣ እኔ በዚያ ቤት አለቀስኩ። ይህን ለመጻፍ አላፍርም። ያን ሁሉ ዘመን የገዛ ወገኖቼ ያልመሰከሩልኝን የባላጋራዬ ደጋፊ መሰከረልኝ፤ እርስዎ ያንን ምስል ባያሳትሙ ኖሮ ሳልሰማው እሞት ነበር።

የሚገርመው ከእኔ ይልቅ የተቆጡት እሳቸው መሆናቸው ነው። ጓንት በሌለው በረኛ ላይ ማግባት ምን ጎል ነው አሉ። "አንተን ብቻ መሰለህ እንዴ ያዋረዱት? የእኔንም ጎል እኮ ነው ያረከሱት! ማንም መንገደኛ ባገባው!" እያሉ ክፍሉን ዞሩት። ወዲያው ልጆቹን አስጠሩ፤ ልጄ ስትመጣ ከተቀመጡበት ተነስተው ይቅርታ ጠየቋት፤ ወርቁን እንዳታጠልቀው፣ ሌላ ስጦታ እንደሚፈልጉላት ነገሯት። እሷ ግን ሣጥኗን ተቀብላ አየችና "ጓንቱን ይመልሱለት፤ ያኔ አጠልቀዋለሁ" አለች። እንደተኛ ነው እኮ የሚቀረው ብላት "አባዬ፣ በመውደቅህ አላፍርም። ባዶ እጅህን ግን አልወደቅክም" አለችኝ። እጮኛዋም ነገሩ ገና የገባው ያኔ ነውና መጥቶ ትከሻዬን ሳመኝ።

እርስዎ ስህተት የለም ስላሉን ስህተቱን እንዲያርሙ ማስቸገር ነውር መሰለን። ስለዚህ አራታችንም ተያይዘን አንድ አንጥረኛ ዘንድ ሄድን። በጠባብ ሱቅ የሚሠራ፣ ከሚናገረው የሚሠራው የሚበዛ ሰው ነው። ጓንት መጨመር እንደማይቻል፣ ነገር ግን የጣቶቹን ላይ ላዩን ፍቆ ጓንት ማስመሰል እንደሚቻል ነገረን። ጀመረ። መፋቂያው ገና አንዴ ሲያልፍ ከሥሩ ቀይ ወጣ። ቆም አለ። በሌላኛው እጅ ሞከረ፤ እዚያም ቀይ ነው። ቀና ብሎ "ይህን ከየት አመጣችሁት?" አለን። የሙሽራው አባት የምስክር ወረቀቱን ከኪሳቸው አውጥተው፣ ከዳር እስከ ዳር ንጹሕ ወርቅ የሚለውን በጣታቸው አሳዩት። አንጥረኛው አነበበና "ይኼ መዳብ ነው። ወርቁ የሽንኩርት ልጣጭ ታህል ነው" አለ። በርግጥ ወረቀትዎ አልዋሸም፤ የጻፉት ከዳር እስከ ዳር ነው፤ ከላይ እስከ ታች ስላለው ምንም አላሉም።

እኔ ያየሁት ወርቁን አይደለም፤ ያቺን ሣጥን እንደ ዓይናቸው ብሌን ሲጠብቁ የኖሩትን ሽማግሌ ነው። መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ሲጠርጉ ቆዩ። መልሰው አደረጉና አንጥረኛውን "ቀጥል። ጓንቱ ቀይ ነበር" አሉት።

እነሆ አሁን በዓለም ላይ ካሉት የታላቁ ዋንጫ መታሰቢያዎች ሁሉ እውነቱን የያዘው ይህ አንዱ ነው። ቀለም አልቀባንም፤ ቀዩን የሰጡን እርስዎ ነዎት፤ ስለዚህ ከዚህ በላይ የተናገርኩት ምስጋና ሁሉ ቢቀር ይህኛው ከልብ ነው።

ታሪኩ በዚህ ባበቃ ነበር። ነገር ግን የሙሽራው አባት ቀና ሰው ናቸውና ስህተቱ በሌሎቹም እንዲታረም ብለው ወርቁን ወደ ሽያጭ አዳራሽዎ ወስደው ለሠራተኞችዎ አሳዩ። በማግስቱ ሁለት ከረባት ያሰሩ ሰዎችዎ ሱቄ ድረስ መጡ። በየትኛው መኪና እንደመጡ ሰፈሩ ሁሉ እስካሁን ያወራል። አንደኛው ገና ሚስማሩ ባልተመታበት ወንበር ላይ ሊቀመጥ ሲል በጊዜ ያዝኩት። ያመጡት ዜና የሚያስደንቅ ነበር፤ ድርጅትዎ በልዩ ቸርነት ያንን ወርቅ በአዲስ ይለውጥልናል፤ በአዲሱ ላይ እኔ ቆሜ፣ ጓንት አድርጌ፣ ኳስ ይዤ እቀረጻለሁ፤ ስሜ ከሥሩ ይጻፋል፤ ካዝና የሚለው ሳይቀር። የሚፈልጉት አሮጌውን ብቻ ነው፤ እሱንም ከሠርጉ በፊት።

እውነቱን ልናገር፣ ልቤ ደነገጠ። በዚህ ዕድሜዬ ቆሜ፣ ኳስ በእጄ ይዤ! እንዲህ ያለውን ነገር በሕልሜ ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ። አንድ ወር ቀደም ብለው ይህን ይዘው ቢመጡ እጃቸውን እስም ነበር። ነገር ግን ዕቃው የእኔ ሳይሆን የሙሽራዋ ስለሆነ ማታ ስትመጣ ጠየቅኳት። እጇን ሳትታጠብ "አባዬ፣ ያኛው ሰውዬ አንተ አይደለህም። ኳሷን አልያዝካትም እኮ" አለች፤ ስትስቅም እናቷን ትመስላለች። ባለቤቴም ከጓዳ ብቅ ብላ "እሷን ስማ" አለችኝ፤ እኔም ሰማኋት።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ ለታላቁ ቸርነትዎ የቤተሰባችን መልስ ይህ ነው፤ ራሳችሁ እንዳስተማራችሁን የተሸጠ አይለወጥም። ሠርጉ የፊታችን እሁድ ነው። የሙሽራው አባት ወርቁን በልጄ አንገት ላይ ያጠልቃሉ፤ እኔም ከጎናቸው እቆማለሁ፤ ማን ነው ያ የተኛው የሚል እንግዳ ካለ አባቷ ነው ብላ የምትመልሰው ራሷ ናት። እኔ ከዚህ በኋላ ሰፈር አልቀይርም፤ ስሜን የሚጠይቀኝም ቢመጣ በረኛ ነበርኩ እለዋለሁ። እርስዎም ከነቤተሰብዎ በክብር ተጋብዘዋል፤ መቀመጫውን እኔ ራሴ ያደስኩት ስለሆነ ከሥሩ ያለው ከላዩ ጋር አንድ ነው፤ ሳይሳቀቁ ይቀመጡ።

የድርጅትዎ ሥራ እንዲሰፋ፣ ማተሚያዎ እንዳይደክም፣ ባለሙያዎ ዕይታው እንዳይፈዝ እየተመኘሁ፣ ከወደቅኩበት ቀና ብዬ፣ በታላቅ አክብሮት እጅ እነሣለሁ፤

የቀድሞ በረኛ፣
የዛሬ ሶፋ ሠሪ፣
የሙሽራዋ አባት።

ማስታወሻ፦ የሙሽራው አባት የድሮ ደጋፊ ጓደኞች ይህንኑ መታሰቢያ እንደ እሳቸው ገዝተው በየቤታቸው አስቀምጠውት ኖሯል። በረኛው ጓንት እንደነበረው ሁሉም ያስታውሳሉ፤ ባዶ እጁን የተሸነፈ ሰው መያዝ ለቡድናቸው ክብር አይመጥንም ብለው የአንጥረኛውን አድራሻ ስለጠየቁን ሰጥተናቸዋል። እሱም ከሱቁ ደጃፍ ለወረፋ አግዳሚ ወንበር አውጥቷል፤ ወንበሩን እኔ ነኝ የሠራሁለት። ሥራው ገና ብዙ ይቀረዋል፤ ነገር ግን እንዳይጨነቁ ብዬ አሳውቅዎታለሁ፣ እስካሁን ያለበሳቸው ጓንቶች በሙሉ፣ አንድም ሳይቀር፣ ቀይ ሆነው ወጥተዋል።